አሮጌውን ኮምፒውተር የወሰደው ሌባ

ስቱዲዮው ከአንድ ጎማ መሸጫ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሩ በመፍቻ ተፈልፍሎ ቁልፉ ከነእንጨቱ ወጥቷል። በሩ እንዲህ ከሆነ ውስጡማ ተጠርጎ ተወስዷል ብዬ ባዶ ክፍል ለማየት ተዘጋጅቼ ገባሁ። ክፍሉ ግን ሙሉ ነው። ማይክሮፎኑ ማቆሚያው ላይ አለ። ድምፅ ማጉያዎቹ አሉ፣ ኪቦርዱ አለ፣ ጊታሩ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ ገና ከካርቶኑ የወጣ አዲስ ላፕቶፕም ጠረጴዛው ላይ ተከድኖ ተቀምጧል። የጠፋው ጠረጴዛው ሥር የነበረ ያረጀ የኮምፒውተር ሳጥን፣ ሲፒዩ የምንለው፣ እና መሳቢያ ውስጥ የነበረ ሃርድ ዲስክ ብቻ ነው።

“ይሄ ሌባ ዓይኑን ያመዋል” አለ ሳጅኑ።

ሳጅኑን መሥሪያ ቤት ውስጥ ቶሎቶሎ እንለዋለን። ምሳውንም፣ ሪፖርቱንም፣ ተጠርጣሪውንም ቶሎ ቶሎ ነው የሚፈልገው። ልቡ ግን ንጹሕ ነው። እኔን ደግሞ በተቃራኒው እግሯ ከባድ ነው ይሉኛል። አንድ ክፍል ከገባሁ ጥጉን ሁሉ ሳልዳብስ አልወጣም፤ ምርመራ ክፍል ከገባሁ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ፤ ኢንስፔክተር ተብዬም አልተሻለኝም።

ፖሊስ የጠራው የስቱዲዮው የድምፅ ቴክኒሻን ነው፤ ስልኩን ከእጁ ወደ ኪሱ፣ ከኪሱ ወደ እጁ የሚያመላልስ ቀጭን ሰው።

“ጋሼ ምን ዋጋ አለው ብሎ ነበር” አለኝ። “እኔ ነኝ እምቢ ብዬ የደወልኩት።”

ጋሼ የሚለው አለቃውን፣ የስቱዲዮውን ባለቤት ነው። ስመ ጥር አቀናባሪ ነው፤ ቤቴ የሚሰማው ዜና ብቻ ሆኖ እንኳ እኔ ሳልቀር አውቀዋለሁ። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ መሬት መሬቱን ያያል። ፖሊስ ምን ዋጋ አለው የሚለኝን ሰው አልቀየምም። ከሰዉ ግማሹ እንዲያ ነው የሚለው፤ አንዳንድ ቀን እኔም እለዋለሁ።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ዘግቶ እንደ ሄደ፣ እሁድን ቤቱ እንደ ዋለ፣ ዛሬ ጠዋት ሲመጣ በሩን እንዲህ ሆኖ እንዳገኘው ነገረኝ። ጠላት አለዎት ወይ ስለው የለኝም አለ። ማሽኑ ውስጥ ምን ነበረበት ስለው ግን የመለሰልኝ ቴክኒሻኑ ነው።

“የእህቴ ዘፈኖች” አለ። “ስምንቱም። መሳቢያው ውስጥ የነበረው ዲስክም የነሱ ቅጂ ነው።”

ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኬ ገባሁ። የሲፒዩው ቦታ አቧራው መሀል ንጹሕ አራት ማዕዘን ሆኖ ቀርቷል። ከጎኑ ከጀርባው የተነቀሉት ገመዶች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ተጠቅልለው፣ ታስረው፣ ተደርድረው። ብዙ የተሰረቀ ቤት አይቻለሁ። ሌባ ሲቸኩል ገመድ ይጎትታል፣ ይበጥሳል፣ ሲብስበት ቆርጦ ይሄዳል እንጂ ቁጭ ብሎ ሲጠቀልል አላጋጠመኝም። አንዱን ጥቅል በላስቲክ ከረጢት ከትቼ ያዝኩ።

“የቤት ሰው ነው” አለኝ ቶሎቶሎ በጆሮዬ። ለአንድ ጊዜ እንኳ ተስማማን።

* * *

ዘፋኟ ደረጃውን ቀስ ብላ ወጥታ መጣች። አንገቷ ላይ ሻርፕ ጠምጥማለች። ፊቷን የማያውቅ የለም፤ ድምጿን ግን እኔም አላወቅሁት። ስትናገር ከአፏ የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው የሚመስለው፤ እሷ አፏን ስትከፍት ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ወደሷ ያዘነብላል።

ታሪኩን ወንድሟ ቴክኒሻኑ ጨረሰልኝ። ከጥቂት ወራት በፊት የእንቅርት ኦፕራሲዮን ልታደርግ ስትል ሐኪሟ የድምፅ ነርቭሽ ሊነካ ይችላል ብሎ አስጠነቀቃት። ስለዚህ ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት ያሏትን አዳዲስ ዘፈኖች በሙሉ እዚህ ክፍል ውስጥ ዘፍና አስቀመጠች። ሙዚቃው በኋላ ይደርሳል፣ ድምፁ ይቅደም ተባለ። ሐኪሙ የፈራውም አልቀረ። ከእንግዲህ ማውራት እንጂ መዝፈን የለም።

“እኔ ስለ ዕቃው አይደለም የመጣሁት” አለችኝ። “ድምፄ እዛ ውስጥ ነው ያለው። ሌላ ቦታ የለም። እዚህም የለም” ብላ ጉሮሮዋን ነካች።

እኔ ማስታወሻዬ ላይ አንድ ሲፒዩ፣ አንድ ሃርድ ዲስክ ብዬ ጽፌ ነበር። አፈርኩበት። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የምፈልገው ዕቃ መሆኑን ረሳሁት፤ የጠፋ ሰው እንደምፈልግ ነው የተሰማኝ።

ወደ አቀናባሪው ሄዳ ትከሻው ላይ እጇን አሳረፈች። “አይዞህ ወንድሜ፣ አንተ ምን ታደርግ” አለችው። ያን ያህል ሰው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ያኔ የመሰለኝ ለሷ ያዘነ ነው።

* * *

የሕንጻውን ዘበኛ በሩ ላይ አገኘኋቸው። እሁድ ዕለት እንግዳ ሰው ሲገባ ሲወጣ አይተው እንደሆነ ስጠይቃቸው በጣም ቅር አላቸው። እሁድ ሙሉውን ቀን ከበሩ ንቅንቅ አላሉም፣ ለምሳ እንኳ አልተነሱም። እሳቸው እያሉ እንግዳ ሰው ቀርቶ ዝንብ አያልፍም። አመስግኜ ሄድኩ።

ቶሎቶሎ እስከዚያው ከጎማ ሻጩ ጋር ተወዳጅቶ የሚፈልገውን ይዞ መጣ። ባለፈው ሳምንት ቴክኒሻኑ አለቃው ላይ ሲጮህ ታች ድረስ ተሰምቷል። ያን ማሽን ብትነካው ከእኔ ጋር አበቃ ብሎታል አሉ።

ቴክኒሻኑን ስጠይቀው አልካደም። ጋሼ ወደ አዲሱ ላፕቶፕ እንዙር ብሎ ነበር፣ እኔ ደግሞ የእህቴ ሥራ ሳያልቅ አሮጌው እንዳይነካ አልኩ፣ ተጨቃጨቅን፣ የሥራ ነገር ነው አለ። እሁድ የት ነበርክ ስለው ግን ስልኩ ከኪሱ ወጣ፣ ተመልሶ ገባ።

“ቤቴ ነበርኩ።”

እህቱ ከጎናችን ቆማለች። ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ሳይገባት፣ “እሁድ እኮ መጥቼ ነበር፣ በርህ ተዘግቶ ተመለስኩ” አለችው።

የስቱዲዮው ቁልፍ ያለው፣ ከባለቤቱ ጋር የተጣላ፣ ሃርድ ዲስኩ የትኛው መሳቢያ ውስጥ እንዳለ የሚያውቅ፣ የሚዋሽ ሰው። ቁልፍ እያለው በሩን ለምን ይሰብራል ብዬ ቶሎቶሎን ብጠይቀው፣ የውጭ ሌባ ለማስመሰል ነዋ አለኝ። ወስደነው ጣቢያ አስገባነው። ዘፋኟ አልጮኸችም፤ መጮህም አትችልም። “ወንድሜ ነው” ብቻ ነው ያለችኝ፣ እኔ የማላውቅ ይመስል።

አመሻሹ ላይ አቀናባሪው ብርድ ልብስና የሚበላ ነገር ይዞ ጣቢያው ድረስ መጣ። ለልጁ ነው አለ፤ ሥራውን ያስተማረው እሱ ነው፣ እንደ ልጁ ነው የሚያየው። ካስረከበ በኋላ የሚናገረው ያለው ሰው መስሎ በሩ ላይ ቆመ። ምን ልታዘዝ ስለው ምንም ብሎ ሄደ። ደግ አለቃ ነው አልኩ በልቤ። መርማሪ ሆኜ ስንት ዓመት!

* * *

በማግሥቱ የሄድነው ሌላ አቀናባሪ ዘንድ ነው። ድምፁ ወፍራም ስለሆነ ሙዚቀኞቹ ቤዞ ይሉታል። ዘፋኟን ለማስቀረጽ ብዙ ደጅ ጠንቶ፣ እሷ ወደዚያኛው በመሄዷ በየመዝናኛው ሲያማርር የቆየ ሰው ነው። ቶሎቶሎ መንገድ ላይ ሁለተኛ ተጠርጣሪ አገኘሁ ብሎ ፊቱ በርቶ ነበር።

የቤዞ ስቱዲዮ ምድር ቤት ነው፤ ግድግዳው በሙሉ በስፖንጅ ተሸፍኗል። እሁድ የት ነበርክ ስንለው ሳቀ።

“እዚሁ ነዋ። የሳሙና ማስታወቂያ ስንሠራ ዋልን። ያሰራችሁት ልጅ እኮ ነው ድምፁን ያቀላቀለልኝ፣ ሚክስ ያደረገልኝ።”

ቶሎቶሎ አፉን ከፈተ። ቤዞ ስልኩን አውጥቶ አሳየን። ያ ቀጭን ቴክኒሻን እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ የሳሙናውን ዜማ መቶ ጊዜ ሰምቶ አንገሽግሾት፣ ራሱን ይዞ ሲስቅ ይታያል። እሁድ ከጠዋት ጀምሮ እስኪመሽ ከዚህ ቤት አልወጣም።

“ታዲያ ለምን ደበቀን?”

“ጋሼ ብሎ የሚጠራው ሰው እንዳይሰማ ነዋ። ለባላንጣህ ሠራሁ ቢለው ልቡ ይሰበራል። ይሄ ልጅ እንዲህ ነው፤ ሰው ከሚያስቀይም ቢታሰር ይመርጣል።”

ቶሎቶሎ ግን በቀላሉ አይለቅም። አንተስ፣ ዘፈኖቹን አትፈልጋቸውም ነበር ወይ አለው። ቤዞ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ።

“እፈልጋለሁ፤ ማሽኑን ምን ላደርገው ነው? እነሱ የሚሠሩበት ፕሮግራም የሚቀዳውን ድምፅ ራሱ ብቻ በሚከፍተው ፋይል አሽጎ ነው የሚያስቀምጠው። ሌላ ፕሮግራም ቢሞክር አይሆንለትም። ሠሪው ካምፓኒ አዲስ ስሪት ሲያወጣ ደግሞ የፋይሉን ዓይነት ለወጠው፤ አዲሱ የድሮውን አያነብም። የድሮው ፕሮግራም ደግሞ በአዲስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይ አይጫንም። የድሮ ሲስተም ያለው ማሽን ካልያዙ፣ የድሮው ፕሮግራም ላይሰንስ፣ ማለት የመጠቀሚያ ፈቃዱ፣ ከሌለዎት፣ ሴትዮዋን አይሰሟትም።”

“ላይሰንሱ ማሽኑ ውስጥ አይደለም እንዴ ያለው?”

“የለም። ላይሰንሱ ያለው ካምፓኒው ዘንድ፣ በባለቤቱ አካውንት ነው። ፕሮግራሙ በተከፈተ ቁጥር በኢንተርኔት ጠይቆ ነው የሚነሳው። ማሽኑን የሰረቀ ሰው አካውንቱን አልሰረቀም፤ ባለቤቱ አንድ ቃል ብሎ ያዘጋበታል።”

መሸጥስ ይቻላል ወይ አልኩት። ይቻላል፣ የተፈቀደ ነው አለኝ። ሻጩ ለካምፓኒው ሲያሳውቅ ላይሰንሱ ወደ ገዢው አካውንት ይዞራል፣ የሻጩም በዚያው ይዘጋል። ካምፓኒው የድሮውን ስሪት መሸጥ ስላቆመ አሁን ያሮጌ ማሽን ባለቤቶች ሲገኝ ይሻሙበታል። ባለፈው ሳምንትም አንድ ሰው ስሙን ደብቆ በሙዚቀኞች የስልክ ግሩፕ ላይ ለሽያጭ አውጥቶ ነበር፤ ቤዞ መልስ እስኪጽፍ አንዲት የሙዚቃ መምህርት ቀደመችው። እስካሁን ይቆጨዋል።

ደረጃውን ስንወጣ ቶሎቶሎ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ “እንግዲህ ሌባው ሞኝ ነው ማለት ነው፤ የማይከፈት ማሽን ሰርቆ” አለ።

“ወይም ማሽኑ እንደማይከፈት ሰው እንዳያውቅበት የፈለገ ነው” አልኩት። ለራሴም ገና በደንብ አልገባኝም ነበር።

* * *

ቴክኒሻኑን አስጠርቼ የሳሙናውን ነገር ነገርኩት። ጆሮው ድረስ ቀላ። ጋሼ እንዳይሰማ አደራ አለኝ። ወረቀትህን ጨርሰን ትወጣለህ ብዬ፣ ከመነሳቱ በፊት ያን የታሰረ ገመድ ከከረጢቱ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አደረግሁለት። እነዚህን ነገሮች ምን ብላችሁ እንደምትጠሯቸው ንገረኝ ልለው ነበር ያወጣሁት፤ ለሪፖርቱ።

አነሳው። ዓይኑ እኔ ላይ ሆኖ እጁ በራሱ ፈታው፣ ዘረጋው፣ እንደገና መጠቅለል ጀመረ።

“በክርኑ ነው የጠቀለለው” አለ እያጉረመረመ። “እንዲህ አይደረግም፤ ውስጡ ያለው ሽቦ ይጣመማል። አንዱን ዙር ከላይ፣ አንዱን ዙር ከሥር እያደረጉ ነው በእጅ የሚጠቀለለው። ስንት ጊዜ ነግሬው…”

እጁ ቆመ።

“ለማን ነው ስንት ጊዜ የነገርከው?”

ገመዱን እንደሚሰበር ብርጭቆ ቀስ አድርጎ አስቀመጠው። ፊቱ ላይ ያየሁት ፍርሃት አልነበረም፤ አባቱን ያልሆነ ቦታ ያየ ልጅ ነበር የሚመስለው።

“ኢንስፔክተር፣ እኔ ምንም አላልኩም።”

“አላልክም።”

“ጋሼ ሌባ አይደለም።”

“የራሱን ዕቃ የወሰደ ሰው ሌባ አይባልም” አልኩት። “ምን እንደሚባል ግን ገና አላወቅሁም።”

ከዚያ በቀጥታ ወደ ዘበኛው ሄጄ ጥያቄዬን አረምኩ። እሁድ ዕለት ከዚህ በር ማን ወጣ አልኳቸው።

“እንግዳ ሰው አልወጣም አልኩሽ እኮ ልጄ።”

“እንግዳ ያልሆነስ አባባ?”

“እሱማ አቀናባሪው ነዋ። ከሰዓት መጥቶ ድምፅ የሚያፍኑበትን ብርድ ልብስ ላሳጥብ ብሎ ጠቅልሎ ተሸክሞ ወጣ። ከብዶት ነበር፤ ላግዝህ ብለው እምቢ አለኝ።”

ትናንት ለምን አልነገሩኝም አላልኩም። ትናንት የጠየቅኋቸው ስለ እንግዳ ሰው ነው፤ እሳቸውም የጠየቅኋቸውን በትክክል መልሰዋል።

* * *

አሁን ማን እንደሆነ አውቀናል። ለምን እንደሆነ ግን የምታውቀው ሳታውቀው ላይሰንሱን ለመግዛት ቤዞን የቀደመችው የሙዚቃ መምህርት ናት።

ያገኘናት የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ነው። የሙዚቃ ክፍሉ ከመጋዘን የተረፈ ጠባብ ክፍል ሆኖ ትንንሽ ወንበሮች፣ አንድ ከበሮና ትምህርት ቤቱ ሊጥለው ሲል የለመነችው አሮጌ ኮምፒውተር አለው። ይህ ኮምፒውተር አዲስ ሲስተም ይጫንበት ቢባል ነፍሱ ይወጣል። ለዚህ ነው የድሮውን ፕሮግራም የፈለገችው። ላይሰንስ መግዛቷን ስጠይቃት ፊቷ ተለወጠ።

“የተሰረቀ ነው እንዴ? እኔ እኮ በደንቡ ነው የገዛሁት፤ ካምፓኒው ራሱ ነው ያዞረልኝ።”

አይደለም፣ አይዞሽ፣ ያንቺ ነው አልኳት። ከማን እንደገዛችው ስጠይቃት ያለ ማመንታት ነገረችኝ። በግሩፑ ላይ ስሙን ደብቆ የነበረው ሻጭ ላይሰንሱን ሲያዞርላት ግን የግድ በእውነተኛ ስሙ ነበር፤ የአቀናባሪው ስም። እንደዚያ ያለ ትልቅ ሰው ዕቃውን ለእኔ አሳለፈ ብላ ለጓደኞቿ ሁሉ አውርታለች።

“ከዚያ በኋላ ተገናኝታችሁ ታውቃላችሁ?”

“በማግሥቱ ደውሎልኝ ነበር። ሠራልሽ ወይ አለኝ፤ በደንብ ይሠራል አልኩት። ከዚያ ዝም አለ። የሚጠይቀኝ ነገር ያለ መስሎኝ ጠበቅሁት። ‘በርቺ’ ብሎ ዘጋው።”

ቶሎቶሎ እንሂድ ብሎ በሩን ይዟል። እኔ አንዷን የልጆች ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ነገሩ ያን ጊዜ ነው የተያያዘልኝ።

* * *

አቀናባሪው በሩን ራሱ ከፈተልን። ሳሎኑ ጨለም ያለ፣ መጋረጃው በቀን የተዘጋ ነው።

“ብርድ ልብሱ ታጠበ?” አልኩት።

ለመካድ አልሞከረም። የሞከረ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። “ቁም ሣጥኑ ውስጥ ናቸው፤ ማሽኑም ዲስኩም” ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ ሳልጠይቀው ሁሉንም ዘረገፈው፤ ተሸክሞት የኖረው ነገር ከብዶት ነበር።

አዲሱን ላፕቶፕ ሲገዛ የፕሮግራሙን አዲስ ስሪት አስከተለ። አዲሱ ካለ አሮጌው ምን ይሠራል ብሎ የድሮውን ላይሰንስ ሸጠ። አዲሱ የድሮውን ፋይል ይከፍታል ወይ ብሎ ለመሞከር እንኳ አልቆመም፤ ዕድሜ ልኩን የገዛው አዲስ ስሪት ሁሉ የድሮውን ሲከፍት ነው የኖረው። መምህርቷ የገዛች ዕለት ማታ ላይሰንሱን አዞረላት። ጠዋት የዘፋኟን ዘፈን በአዲሱ ሊከፍት ሲል ይህ ፋይል አይነበብም አለው። ወደ አሮጌው ማሽን ሮጠ። አሮጌው ደግሞ ላይሰንስ የለህም አለው። ለካምፓኒው ጻፈ፤ ላይሰንሱ የሌላ ሰው ነው የሚል ትሑት መልስ መጣለት። በዚያው ቀን ዘፋኟ ደውላ ዘፈኖቼን መጥቼ ልስማ አለችው። ሰኞ ነይ አላት። ሰኞ ልትመጣ እሁድ በሩን ሰበረ።

“ለምን አልነገሯትም?”

“ምን ብዬ? ወንድሟ አትንካው ብሎ ጮሆብኛል። ድምፅሽን ሸጥኩት ልበላት? ሌባ ወሰደው ከተባለ አንድ ሰሞን አልቅሳ ትተወዋለች ብዬ ነው። እኔ ነኝ ካልኳት ግን እኔን ባየች ቁጥር ልታለቅስ ነው።”

“መምህርቷ አለችልዎት። ማሽንሽ ላይ አንዴ ልክፈተው ቢሏት እምቢ ትልዎት ነበር?”

“ደውዬላት ነበር።” ድምፁ ወረደ። “አፌ አልታዘዝ አለኝ። የሸጥኩትን መልሼ ልለምን? አፈርኩ።”

ተናደድኩ። ነፍስ ያጠፋ ሰው ይዤ እንዲህ አልተናደድኩም። ክፋት ቢሆን አውቀዋለሁ፣ ሥራዬ ነው። ይሄ ግን ይሉኝታ ነው፤ አንዱ በይሉኝታ ድምፅ ይደብቃል፣ ሌላው በይሉኝታ ይታሰራል፣ እኔ መሀል ገብቼ ካቴና ይዤ እዞራለሁ።

“ልጁ የታሰረው በእርስዎ እፍረት ነው” አልኩት። “ብርድ ልብስ ይዘው መጥተው ነበር አይደል?”

ራሱን ነቀነቀ፤ ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም። ሁለተኛውን ጥያቄ እየፈራሁ ጠየቅሁ።

“ፋይሎቹስ?”

“አሉ። አንዱንም አልነካሁም። ማሽኑን ልጥለው ወጥቼ ነበር፤ መጣል አቅቶኝ ተመለስኩ።”

እፎይ አልኩ። እዚያው፣ ተጠርጣሪዬ ፊት፣ ግድግዳውን ተደግፌ እፎይ አልኩ።

* * *

በማግሥቱ ተማሪዎቹ ወደ ቤታቸው ከሄዱ በኋላ ሁላችንም ያቺ ጠባብ የሙዚቃ ክፍል ውስጥ ተሰበሰብን። ከዚያ በፊት ግን አቀናባሪው ራሱ እንዲነግራት አድርጌ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ብቻቸውን ተውናቸው። ምን እንዳላት አልሰማሁም፤ እሷ ቀድማ ገባች፣ ዓይኗ ቀልቷል። እሱ ከኋላዋ ገብቶ በሩ አጠገብ ቆመ። አላየችውም። ወንድሟ ግን ወንበር አቀበለው፤ “ተቀመጥ ጋሼ” አለው፣ ሌላ ምንም አላለም። አልተቀመጠም።

መምህርቷ ኮምፒውተሩን ከፈተች። ሲነሳ እንደ ሽማግሌ ነው፤ ያጓራል፣ ይቆማል፣ እንደገና ያጓራል። ቴክኒሻኑ ሃርድ ዲስኩን ሰካው። ማሽኑ አላየውም። ነቅሎ ሌላ ቦታ ሰካው፤ አሁንም የለም። ሌላ ገመድ ከቦርሳው አወጣ፣ ሰካ፣ ጠበቀ። የዲስኩ መብራት ብልጭ አለ። መምህርቷ ፕሮግራሙን ስታስነሳ ለካምፓኒው ጥያቄውን ላከ፤ ላይሰንሱ የሷ ነው፣ ፈቀደላት። ቴክኒሻኑ ከስምንቱ ፋይሎች የመጀመሪያውን መርጦ እህቱን አያት። በዓይኗ ክፈተው አለችው።

ድምፁ መጣ። ሙዚቃ የለውም፣ ከበሮ የለው፣ ጊታር የለው፤ ድምፅ ብቻ ነው፣ ሙሉና ጥርት ያለ። እኔ ስለ ዘፈን አላውቅም። እንባዬ ግን ሳላስፈቅደው መጣ፤ ቶሎቶሎም ኮፍያውን አውልቆ መስኮቱን መስኮቱን ያያል። ዘፋኟ ዓይኗን ጨፍና፣ እጇን አንገቷ ላይ አድርጋ፣ ራሷን ሰማች። ከንፈሯ አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ከአንደበቷ ምንም አይወጣም።

ዘፈኑ አለቀ። ቴክኒሻኑ ሊያቆመው ሲል እጁን ያዘችው፤ ቀረጻው ገና አላለቀም። ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማ። ውሃ ስትጎነጭ ተሰማ። ከዚያ ያ ጤነኛ ድምጿ፣ ሳቅ ሳቅ እያለው፣ “እንዴት ነው? ልድገመው እንዴ?” ብሎ ጠየቀ።

መልሱ አልተቀዳም። ያን ቀን አቀናባሪው መቅረጫ ክፍሉን ከሚለየው መስታወት ወዲያ ነበር። ዘፋኟ ዓይኗን ገለጠች፤ ከኮሪደሩ ከገባች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞራ አየችው።

“ጠይቄሃለሁ እኮ” አለችው፣ አሁን ባላት ድምፅ።

አቀናባሪው ከበሩ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባ።

“አትድገሚው” አለ በመጨረሻ። “እንደሱ አድርጎ የሚዘፍነው የለም።”

ሥራ ላይ እንዳለ ሰው ራሷን ነቀነቀች። ወንድሟንም ቀጣዩን ክፈት አለችው።

እኔ ለፖሊስ የሐሰት ቃል የሰጠ ሰው ይዤ ጣቢያ የመመለስ ግዴታ አለብኝ፤ ቃሉን መቀበል፣ ለአለቆቼም ማስረዳት። ይህን ልላቸው ስነሳ ዘፋኟ ቀደመችኝ።

“ኢንስፔክተር፣ ስምንቱም ይውጡ መጀመሪያ። ከዚያ ይውሰዱት። ግን ነገ ይመልሱልኝ፤ ሙዚቃውን የሚሠራልኝ እሱ ነው።”

አቀናባሪው ወንበሩን ስቦ ቴክኒሻኑ አጠገብ ተቀመጠ፣ ሁለተኛው ዘፈን ጀመረ።